ከልቅሶው በኋላ

ፍላሹ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አለፈ።

«ኮፒ አስቀርተሃል?» አለ ኩራዝ፣ ካሜራውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ።

«ምንም።»

ወንፊት ዋሸ። ባልንጀራን ማመን ደግ ነው፤ ኮፒ ማስቀረት ግን ይበልጣል።

ወንፊትና ኩራዝ የሚስጥር ስማቸው ነው። አንዱ ምስል ቆራጭ፣ ሌላው ካሜራ ያዥ መስለው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የተተከሉ ሰላዮች ናቸው። ኩራዝ ለላኪዎቻቸው ሊያደርሰው በተቀበለው ፍላሽ ላይ የአንድ የመሬት ሊቅ ያልተቆረጠ ቃል አለ፦ የተናደው ተራራ ወንዙን ገድቦታል፤ ውሃው ሊጥሰው ነው፤ የታችኛው ከተማ ዛሬውኑ ይውጣ። ጣቢያው ያስተላለፈው «ሁኔታውን እየተከታተልን ነው» ያለውን ብቻ ነበር። የጣቢያው ባለቤት ፋብሪካ እዚያው ከተማ ስለሆነ ሠራተኛው እንዲበተን አልፈለገም።

ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነበር። መጀመሪያ ልጇን ናዳ የበላባት እናት ታለቅሳለች። ቀጥሎ ሽበታሙ ሊቅ ያረጋጋል። ከዚያ የታደለው ብርድ ልብስ ብዛት ይነገራል። ተመልካቹ አልቅሶ፣ አምኖ፣ ቁጭ ይላል።

የምታለቅሰው እናት የወንፊት ታናሽ እህት ናት። ይህን የሚያውቅ የለም። ስልኳ ከቤቷ ጋር ተቀብሯል፤ የተጠለለችው ደግሞ የታችኛው ከተማ ነው። ልቅሶዋን በገዛ እጁ ቆርጦ አሳምሯል፤ «አይዞሽ» ሊላት ግን አልቻለም።

በመስኮቱ ቁልቁል አየ። ኩራዝ ፍላሹን ለዋና አዘጋጁ እየሰጠ ነበር።

ተሸጧል።

ሮጦ ምስል መቁረጫ ክፍሉ ገባና በሩን ቆለፈ። አንድ መንገድ ቀረው። እዚህ ቤት አንዴ የጸደቀ ምስል ዳግም አይፈተሽም፤ ልቅሶውን ያጸደቀው ራሱ ዋና አዘጋጁ ነው። ካስቀረው ኮፒ የሊቁን ቃል ከልቅሶው ኋላ ለጥፎ ለዜናው ላከው።

በሩ ተደበደበ።

«ክፈት! ክፈት ነው የምልህ!»

«ይታገሱኝ እንጂ አለቃ፣ እንባ እየቆረጥኩ ነው!»

እህቱ ስክሪኑ ላይ ጮኸች። እንደ ወትሮው ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለ። ከኋላዋ ሊቁ ብቅ አለ።

«ውጡ! ውሃው አይጠብቃችሁም!»

በሩ ተገነጠለ። ወንፊት በመስኮቱ ዘለለ።

ማምሻውን ጎርፉ ባዶ ከተማ ጠረገ።

መናኸሪያው በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ፖሊሶች የወንፊትን ፎቶ ይዘው ፊት ይለያሉ። እያነከሰ ሲያልፍ አንዲት ሴት እጅጌውን ያዘችው።

«ወንድምዬ! አንተ ነህ? ልጄ እኮ ሞተብኝ! አልሰማህም?»

ሰምቷል። ከማንም በላይ ደጋግሞ ሰምቷል።

አንዱ ፖሊስ ዞረ።

«ተሳስተዋል፣ እመቤቴ። ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አላት ወንፊት።

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ሕዝቡ መሃል ገባ።