ከፍሬኑ ሥር

«ውረጂ ዞርኒትሳ! ፍሬኑ እምቢ ማለቱን ዓይኑን እያየሽ ትነግሪዋለሽ» አላት አባቷ፣ ከጎረቤት የተዋሰውን መኪና ጋራዡ በር ላይ አቁሞ።

ወረደች። እግሮቿ የሌላ ሰው መሰሏት። ታላቅ እህቷ ካሊና መኪናቸውን ከድልድዩ ግንብ ጋር ካጋጨች ሦስት ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዞርኒትሳ አላለቀሰችም፤ አልፈራችምም። እናቷ የምትሠራው የባቄላ ሾርባ እንኳ ውሃ ውሃ ይላታል።

ካሊና ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ለአባታቸው «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ብላዋለች። ፍሬኑን በዚያው ሳምንት የሠራው የዚህ ጋራዥ መካኒክ ጋሽ ስታመን ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ከባሕር ዳርቻ ሲመለሱ ካሊና ያደረገችው ከኋላ ማሰሪያ የሌለው፣ ሶሉ ወፍራም ነጠላ ጫማ ነበር።

«ስኒከርሽ ኋላ ወንበር ላይ አለልሽ እኮ» ብላት ነበር ዞርኒትሳ።

«ባክሽ አታካብጂ! ልሮጥ ነው እንዴ?»

ከድልድዩ በፊት ያለው መታጠፊያ ጋ ነጠላው ከእግሯ ሾልኮ ፍሬኑ ሥር ተወተፈ። ካሊና ደጋግማ ረገጠች፤ ፔዳሉ አልወርድ አለ። ከግጭቱ በኋላ በደህና እጇ ነጠላውን ስባ አወጣችና «ለአባባ እንዳትነግሪው፤ በሞቴ» አለች። ዞርኒትሳም እሺ አለቻት።

ጋሽ ስታመን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ጢሙን አልተላጨም።

«ልጆቼን ልትጨርስልኝ ነበር!» ጮኸበት አባቷ። «ፖሊስ ጣቢያ እንገናኛለን! ይህን ጋራዥ ባላዘጋ ቦይኮ አይደለሁም!»

ዞርኒትሳ ሰውየው መልሶ እስኪጮህ ጠበቀች። አልጮኸም።

«አዘጋው፣ ቦይኮ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጥብቄ አስሬዋለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንጃ። የገዛ እጄን ማመን አቃተኝ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ የኔ ልጅ፣ ምንሽን ተመታሽ?»

«ምንም።» ድምጿ ከሩቅ ተሰማት።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ካሊና ወዲያው አነሳች።

«ጋሽ ስታመን ጋ ነን። እውነቱን ልናገር ነው። አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪው ይሻላል።»

«ዞሪ፣ እባክሽ…»

«አባባ አጠገቤ ነው። እየሰጠሁት ነው።»

ስልኩን ለአባቷ አቀበለችው። ከግጭቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች፤ የጋራዡን በር ተደገፈች። ጋሽ ስታመን ምንም ሳይገባው በርጩማ ስቦ አመጣላት። ቁጭ ብላ የአባቷን ፊት ታይ ጀመር።