የግራው ምሶሶ ሚስማሮች

የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ በገዛ ቤታቸው ሰገነት ሥር፣ ጥርብ ድንጋይ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የሰገነቱ መደገፊያ እንጨት አብሯቸው ወርዶ ጀርባቸው ላይ ተጋድሟል። ቢቸና ከኪዳን ጸሎት የምትመለስበት ሰዓት ስለነበር ሬሳውን ያየው ሰው ብዙ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ቅኔ ማስተማር ያላቆሙ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሚፈራ ሽማግሌ ነበሩ። እየጮኸ ከሚያለቅሰው መካከል እሳቸው ያልሰደቡት ሰው አልነበረም።

ሬሳው ሳይነሣ በደለኛው ተገኘ። አናጢው መንግስቴ በዚያ ሳምንት የቤቱን ጣሪያ ሲጠግን ሰንብቷል፤ መደገፊያው ታስሮበት በነበረው ምሶሶ ላይ ደግሞ አዲስ የቆርቆሮ ሚስማር ተሰክቶ ታየ። የሟቹ ልጅ ታደለ፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ዘመዶቹን አስከትሎ አናጢውን ከቤቱ ጎትቶ አወጣው። ቀኝ እጁን ደፍ ላይ አስረግጠው ይዘው ጣቶቹን በራሱ መዶሻ ሰበሯቸው። ፖሊስ ሲደርስ መንግስቴ መጮህ አቅቶት የተሰበረ እጁን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። ያሰሩትም እሱኑ ነው።

ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሁለት ነበር። የቢቸና ፖሊስ ኃላፊ ነገሩ ስላልተዋጠለት ኢንስፔክተር ይርጋነሽን ከሞጣ አስጠራት። ይርጋነሽ አባቷ ሞጣ ላይ ከነበራቸው የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ በሚስማር ሳጥኖች መካከል ያደገች፣ አፏ ቁጥብ፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። በግንደወይን በኩል መጥታ ስትደርስ ቀብሩ አልቆ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ሳጅን አስናቀውን አስከትላ በቀጥታ ወደ ሰገነቱ ወጣች።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ። «መደገፊያውን በቆርቆሮ ሚስማር መታው፤ አልያዘም። ወይ ቸልተኛ ነው፣ ወይ ክፉ። የኔታ ሰው ፊት ‹አንተ የምትሠራው ጣሪያ ዝናብ ይጠራል› ብለው አዋርደውታል።»

ይርጋነሽ ወደ ምሶሶዎቹ ተጠጋች። በግራው ምሶሶ ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ ሁለት የቆርቆሮ ሚስማሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰክተዋል። የላይኛውን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው። ወጣ።

«መዶሻ የመታው ሚስማር በጣት ይነቀላል?»

ሳጅኑ ጠጋ ብሎ አየ።

ሚስማሩ ላይ ጥጥ ተጠቅልሏል፤ የሐኪም ቤት ጥጥ ነው፣ ቢጫ ቅባት ነክቶታል። የሚስማሩ ራስ አንድም ጭረት የለበትም። የወጣበት ቀዳዳ ደግሞ የሰው ጣት የሚያስገባ፣ ውስጡ በዝገት የጠቆረ ነው። ይርጋነሽ ወደ ቀኙ ምሶሶ ሄደች። እዚያም ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ባዶ ናቸው።

«የዚህኛው ሚስማሮች ወድቀው ነው» አለ አስናቀው።

«ታች ፈልጋችሁ አገኛችሁ?»

«አላገኘንም።»

«አታገኙም። እዚህ ሚስማር ገብቶ አያውቅም።»

ወደ ግራው ምሶሶ ተመልሳ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ መዳፏን አሳለፈች። እንጨቱ በወዝ ጠቁሮ እንደ ቀንድ ለስልሷል። የቀኙ ግን ሻካራና አመዳም ነው። ከዚያ ወርደው ከግድግዳው ተደግፎ የቆመውን መደገፊያ ገለበጡት። በውጭ ገጹ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ፣ ፀሐይና ዝናብ ያልነካው ነጣ ያለ ምልክት ታትሟል፤ ስድስት ጎን አለው።

«የዳዶ፣ የብሎን ማሰሪያው፣ ቦታ ነው» አለች። «ይህ እንጨት ለዓመታት በብሎን ታስሮ ኖሯል። አንድ ሰው ፈትቶ ወስዶታል።»

መንግስቴ እስር ቤት ውስጥ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አቶ መንግስቴ፣ መደገፊያውን ነክተውታል?»

«ጣሪያውን ብቻ ነው የሠራሁ። ቆርቆሮ ስላነሰኝ፣ የሚስማር ጣሳዬን ሰገነቱ ላይ ትቼ፣ በዋዜማው ከምሳ በፊት ሄድኩ። ማግስቱን ልመለስ ነበር።»

«የመደገፊያውን ብሎኖች ያስታውሷቸዋል?»

«ራሳቸው ድቡልቡል ነው። የጠቆሩ፣ አሮጌ። ሰው ጠንካራ ነገር ሲሠራ የሚያስገባቸው ናቸው።» ከዚያ እጁን ከፍ አደረገ። «ይህ ይድናል?»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ከአውራ ጣትዎ በቀር አይድንም ብሏል።»

አናጢው እንደ ገና ይጠይቃት ይመስል አፏን ሲመለከት ቆየ። እሷ ግን ተነሥታ ወጣች።

ታደለን ከድንኳኑ ጀርባ ለብቻው አነጋገረችው።

«የብሎን መፍቻህ የት ነው?»

«ባጃጄ ውስጥ። ባጃጁ የሚያድረው እዚህ ግቢ ነው። እኔ ግን ገበያው አጠገብ ተከራይቼ ነው የምኖረው።»

«ሰገነቱ ላይ መቼ ወጣህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ደረጃውን አልረገጥኩም። ባየኋቸው ቁጥር ስድብ ነው።»

«አባትህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ቅኔያቸውን ይዘርፋሉ ይባላል። እህቴን አየሁሽን ይጠይቋት፣ ጠባቂያቸው እሷ ናት።» ከዚያ ጨመረ፤ «ይልቅ አናጢውን ቶሎ ወደ ፍርድ ቤት ውሰዱልኝ። ቤቱን አድሼ ላከራየው ነው።»

በምድር ቤቱ የሚኖሩት መሪጌታ ስጦታው የሟቹ ተማሪ ነበሩ፤ የማስተማሪያው ወንበር ለእሳቸው እንደሚሆን ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ይጠሏቸው ነበር?» አለቻቸው ይርጋነሽ።

«ተማሪ መምህሩን የሚጠላውን ያህል።»

«ሲወድቁ ሰሙ?»

«ሰማሁ። ‹አየሁሽ!› ብለው ጮኹ።»

«ልጃቸውን ጠሩ?»

«ቅኔ ቤት ያደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት መንገድ እንዳለው ያውቃል። እኔ ግን ስም ነው ብዬ ሰማሁት።» መሪጌታው ዓይናቸውን አሸሹ። «ስም ቢሆን ይሻላል።»

አየሁሽ ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ከል የለበሰች ሴት ናት። እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ እንደ እሷ ያድርጋችሁ ይሉ ነበር።

«አባባን ጠዋት አስነሣቸዋለሁ» አለች። «ዓይናቸውን በጥጥ ጠርጌ ቅባታቸውን እቀባቸዋለሁ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ እስከ ሰገነቱ በር አደርሳቸዋለሁ።»

«ከበሩ እስከ ጠርዙስ?»

«ብቻቸውን ነው። እጄን መያዝ አይወዱም እዚያ ላይ።»

«ጠርዙ ጋ መድረሳቸውን በምን ያውቃሉ?»

 «እንጃ። በልማድ ይመስለኛል።»

«ባል አላገባሽም?»

«ሞጣ መምህር የሆነ ሰው አለ፤ አካለ ወልድ ይባላል። ደጋግሞ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባባ ‹ዓይኔን ለሰው አልድርም› ብለው መለሷቸው።»

ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ይርጋነሽ ልብ ያለችው እሱን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በላይኛው ክፍል ተሰበሰቡ። አናጢውን ሳጅን አስናቀው ደግፎ አስቀመጠው። ይርጋነሽ ከገበያ ያስገዛቻቸውን ሦስት ነገሮች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

«ይህ ተራ ሚስማር ነው» አለች። «ራሱ ጠፍጣፋ ነው። ጣውላ ከጣውላ ያያይዛል፤ ሰው ሲደገፍበት ግን ቀስ በቀስ ይመዘዛል። ይህ ብሎን ነው። ሁለቱን እንጨት ወግቶ አልፎ ከማዶ በዳዶ ይታሰራል፤ ካልፈቱት አይለቅም። ራሱ የተድቦለቦለው እጅና ልብስ እንዳይዝ ነው። ይህ ደግሞ የቆርቆሮ ሚስማር ነው። እንደ ጃንጥላ ጉብ ያለ ራስና ከሥሩ ጎማ ያለው፣ ዝናብ በቀዳዳው እንዳይገባ ነው። ጣሪያ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ ሥራ የለውም።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ታደለ አናጢውን በአገጩ እያሳየ።

«መዶሻ አልነካውም። በጣቴ ነው የነቀልኩት። ይህ ሚስማር እንዲይዝ አልተሰካም። ታዲያ ለምን ተሰካ? ዓይን ለማታለል? አሮጌዎቹ ብሎኖች ጥቁር ነበሩ፤ ይህ ያብረቀርቃል። ደግሞም በቀኙ ምሶሶ ያሉት ቀዳዳዎች ባዷቸውን ቀርተዋል። ዓይን ሊያታልል የፈለገ አንዱን ወገን ብቻ አይደፍንም።»

ይርጋነሽ ወደ መሪጌታው ዞረች።

«ዓይን የሌለው ሰው በምን ያያል፣ መሪጌታ?»

«በጣቱ» አሉ መሪጌታ ስጦታው፤ ድምጻቸው ደከመ።

«የግራው ምሶሶ በብሎኖቹ ዙሪያ ከእጅ ብዛት ለስልሷል። የኔታ በየጠዋቱ በግራ እጃቸው ሁለቱን የብሎን ራሶች ይዳስሳሉ። ሲያገኟቸው ጠርዙ ጋ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ከዚያ ደረታቸውን መደገፊያው ላይ ይጥላሉ። ባዶ ቀዳዳ ቢነኩ ኖሮ ወደ ኋላ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ገዳይ የብሎን ራስ የሚመስል ነገር ፈለገ። በአናጢው ጣሳ ውስጥ ድቡልቡል ራስ ያለው ይሄው የቆርቆሮ ሚስማር ነበር።»

«ዳዶውን ብቻ ፈትቶ ብሎኑን ቢተወውስ?» አለ አስናቀው።

«ብሎኑ እንጨቱን ወግቶ እስካለ ድረስ መደገፊያው ይነቃነቃል እንጂ ወዲያው አይወድቅም። ሽማግሌው ሲነቃነቅ ይሰሙ ነበር። ብሎኑ ከወጣ ግን እንጨቱ ከሥሩ ባለው ድጋፍ ላይ ዝም ብሎ ያርፋል፤ የሚገፋውን ሰው ይጠብቃል። መፍቻው ግቢው ውስጥ በሚያድረው ባጃጅ ውስጥ አለ፤ ማንም ያነሣዋል። የግራው ምሶሶ ብቻ እንደሚዳሰስ የሚያውቀው ግን ሁሉም ሰው አይደለም። ቀዳዳው ለሚስማሩ ስለሰፋ ጥጥ ጠቀለለበት። ጥጡም የዓይን ቅባት ነክቶታል።»

ሁሉም ወደ አየሁሽ ዞረ። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካክላ ተቀመጠች።

«ብሎኖቹ የዱቄት ማድጋው ውስጥ ናቸው» አለች።

ታደለ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ይርጋነሽ በእጇ ከለከለችው።

«በየጠዋቱ ሲዳስሷቸው ‹እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይዋሹኝም› ይላሉ» አለች አየሁሽ። «እኔ ከኋላቸው ቆሜ። በየጠዋቱ። ሽማግሌዎቹ የተመለሱ ዕለት አለቀስኩ። ‹ዓይን ሲያነባ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ተይ› ብለው ሳቁ። ያን ዕለትም በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዳሰሱ። ፈገግ አሉ። ተደገፉ።»

«የአቶ መንግስቴ ጣቶች ሲሰበሩ የት ነበርሽ?»

«መስኮቱ ላይ።» አናጢውን አየችው። «የእኔም እጅ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነበር፤ ማን ጮኸልኝ? አልኩ።»

 ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ አየሁሽ እጆቿን ራሷ ዘረጋች።

«እርስዎ የሞጣ ሰው ነዎት» አለቻት ይርጋነሽን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። «አካለ ወልድን ያውቁት ይሆናል። እንዲጠብቀኝ ይንገሩልኝ።»

መሪጌታው አንገታቸውን ደፉ። ይርጋነሽ አየቻቸው።

«ይናገሩ፣ መሪጌታ።»

«በጥር አግብቷል» አሉ። «ሠርጉ ላይ የነበረ ሰው ነገረኝ፤ እኔም ለየኔታ ነገርኳቸው። ‹እሷ እንዳትሰማ› አሉኝ። ለምን ብላቸው፣ ‹ሰው ዓይን አጥቶ ይኖራል፤ ተስፋ አጥቶ ግን አይኖርም› አሉ። ከልጃቸው ደብቀው የያዙላት ደግ ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።»

አየሁሽ የተዘረጉ እጆቿን አልሰበሰበችም። ካቴናው ሲዘጋ እንኳ የሰማች አይመስልም። አስናቀው ክንዷን ይዞ ወደ ደረጃው ሲመራት እንደ ዕውር እግሯን እየፈለገች ወረደች።

ታደለ ተከትሎ ሊወርድ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «እንግዲህ ቤቱ በእኔ ስም ይሆናላ?»

«የቤቱን አላውቅም» አለች ይርጋነሽ። «የአናጢውን ጣቶች ግን አውቃለሁ። አንተም ቅደም፤ እንሄዳለን።»

ፍርድ ቤቱ አየሁሽን ዕድሜ ልክ ፈረደባት፤ ታደለንም አሰረው፤ ባጃጁንም በግቢው ውስጥ ዝናብ መታው። መንግስቴ በግራ እጁ መዶሻ መያዝ ሞክሮ ስላልሆነለት ገበያ ላይ ጨው እየሰፈረ ይሸጣል። መሪጌታ ስጦታው ወንበሩን ወርሰው ተማሪዎቻቸውን ወደ ሌላ ሰፈር አዛወሩ። ወሬው ሞጣ ደርሶ ሚስቱ «ይህች በስምህ ሰው የገደለች ሴት ማን ናት?» ብላ በጠየቀችው ጊዜ፣ አካለ ወልድ የተማሪዎቹን ደብተር ማረሙን ሳያቋርጥ፣ «አላውቃትም» አላት።