የ«ቆላ ዜማ» የመጨረሻ እትም

ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነበር። ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ።

በዓመታት የተለቀሙ ካሴቶች ነበሩበት፤ የይፋት መንዙማ፣ የማሽላ ጠባቂዎች እንጉርጉሮ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ። «ቆላ ዜማ» የተባለችው ትንሽ የሙዚቃ መጽሔት የኖረችው በእነሱ ነው። አሁን አሳታሚዋ ልዑል ኩላሊቱ ስለከዳው ልትዘጋ ነው። የቀራት አንድ የስንብት እትም ብቻ ነበር። ሐኪሞች አዲስ አበባ ሄዶ የኩላሊት እጥበት ካልጀመረ እንደማይተርፍ ነግረውታል። እሱ ግን «ይህን እትም ላውጣና» ይላል።

ስርቆቱን የምትመረምረው ምክትል ኢንስፔክተር ውባለም ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ሟች ባሏም «አዝመራው ይግባና» እያለ ሕክምናውን ያራዝም ነበር።

የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ በልዑል ትራስ ሥር፣ ሌላው በአዘጋጁ በሰዲቅ ኪስ። ሰዲቅ ደግሞ በቅርቡ፣ መንዙማው ካራቆሬ ላሉት ለባለ መንዙማዎቹ ልጆች ይመለስ ብሎ፣ ሰው እየሰማ ከልዑል ጋር ተጣልቷል። ተያዘ። ካራቆሬ ያለው ቤቱ ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም።

«የት ደበቅካቸው?»

«ወላሂ አልነካኋቸውም።»

«ልትወስዳቸው ትፈልግ ነበር።»

«በዚህ ሙቀት? ሚኒባስ ላይ ጭኜ? ካራቆሬ ሳልደርስ ይጣመሙብኛል። ካሴት እንደ በሽተኛ ነው ኢንስፔክተር፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል።»

ውባለም ከጣቢያው ወጥታ በጠራራ ፀሐይ ወደ ልዑል ቤት ሄደች። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ የት አለ?

ልዑል ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። ካሴቶቹ ሳይገኙ ከዚህ አልጋ እንደማይነሳ ነገራት። ሌባው እሱንም አልጋው ላይ የቆለፈው መሰላት።

ሚስቱ ኤልሳቤጥ ውሃ አቀረበች። ከጄሪካን የተቀዳ፣ ለብ ያለ ውሃ ነው።

በዚህ አገር እንግዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ የጋን ውሃ ይቀርብለታል። ጋኑም ጥግ ላይ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጧል፤ እየራሰ የሚያቀዘቅዘው ጆንያ ተጠቅልሎበታል።

«ከጋኑ አይቀዳም እንዴ፣ እትዬ ኤልሳቤጥ?»

«ባዶ ነው። ለልዑል ውሃ ተመጥኖለታል። ቀዝቃዛውን እያየ እንዳይቃጠል ደፋሁት።»

ደህና መልስ ነው። ውባለም አመስግና ልትነሳ ስትል ጆንያውን በእጇ ነካችው። ርሷል። ጠብታው ገና አሸዋው ላይ ይወርዳል።

«የባዶ ጋን ጆንያ ማን ያረጥባል?» አለች ቀስ ብላ።

ኤልሳቤጥ ትሪውን አስቀመጠች።

ካሴቶቹ ጋኑ ውስጥ ነበሩ። በፌስታል ተጠቅልለው፣ አንድ በአንድ ታስረው፣ ደርቀው።

ቁልፉን ከትራሱ ሥር ያወጣችው ልዑልን እንቅልፍ ሲወስደው ነው። «ካሴቶቹ ከሌሉ እትሙ ይቀራል፣ እሱም ለሕክምናው ይሄዳል ብዬ ነበር። ጭራሽ እስኪገኙ አልነሳም ብሎ ተኛ። ባቃጥላቸው ተስፋ ቆርጦ ይሄድ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ፤ የሰው ድምፅ ነው።»

«ሰዲቅ ሲታሰርስ?»

«አፌ ተሳሰረ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲጢጥ አለ። ልዑል ሁሉንም ሰምቷል።

ሰዲቅ ከጣቢያው ተጠርቶ መጣ። ውባለም የሆነውን ነገረችው፤ በከንቱ የታሰረው እሱ ነውና መክሰስ አለመክሰሱ በእጁ መሆኑንም። ሰዲቅ ኤልሳቤጥን አላያትም። ያየው የልዑልን ያበጡ እግሮች ነው።

«ክስ የለኝም። አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ይሂድ።»

«እትሙስ?» አለ ልዑል።

«አንተ በሌለህበት ይወጣል። ስህተቱን ተመልሰህ ትለቅማለህ፤ ሥራ አትፈታም።»

ልዑል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ እጁን ትራሱ ሥር ሰደደና ቁልፉን አወጣ። ለሰዲቅ የሚሰጠው መስሏቸው ነበር። ለኤልሳቤጥ ዘረጋላት።

እሷ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ከጄሪካኑ ውሃ ቀድታ ለሰዲቅ በሁለት እጇ አቀረበች።

«ሙቅ ነው» አለችው።

ሰዲቅ ብርጭቆውን ተቀበላት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ጨለጠው።