ዝም ተብሎ የሚወሰድ ሥር

እማማ ማሚቴ ቅዳሜ ጧት መደባቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጣሳው ከመደቡ ሥር ወድቋል። የቀረው ዝቃጭ የሳሙና አረፋ ይመስላል።

ልጃቸው ሰብለ ከአርብ ገበያ አድራ መመለሷ ነበር። አላለቀሰችም። ጣሳውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ፖሊስ ሳያየው ማንም እንዳይነካው ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች።

እማማ ማሚቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሁሉን ረስተው ኖረዋል። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ በኋላም የገዛ ልጆቻቸው ጠፉባቸው። እርጅና ነው፣ ተያቸው ቢሏት ሰብለ እንቢ አለች። ከወገዳ ከተማ ማዶ የባህል መድኃኒት አዋቂው መሪጌታ ተክለሃይማኖት ዘንድ በየሳምንቱ እየተመላለሰች የመድኃኒት ሥር አመጣች። ሰው ሳቀባት። በስምንተኛው ወር አሮጊቷ፣ "ሰብልዬ፣ ገብሱ ታጨደ?" አሏት። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም።

በዚያ አርብ ሰብለ ገበያ ስለሄደች ሥሩን አምጥቶ ያጠጣቸው ወንድሟ ጌታነህ ነበር።

ሳጅን መሐሪ ከወገዳ ሲመጣ መንደሩ መጀመሪያ የጠቆመው ሀናን ነው። ሀና የመሪጌታን ሥር ልታጠና ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ናት። ሞክራባቸው ነው ተባለ። እሷ ግን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበረች፤ ያሳደሯት ሰዎች መሰከሩላት። በቤተ ሙከራ ተስፋ የሰጡ ዕፅዋት አሉ፣ ለሰው ግን ገና አልተፈተኑም፣ እኔ ቅጠል እንኳ አልሰጥም አለች። አረፋውንም አይታ ይህ ልብስ የሚታጠብበት የእንዶድ ተክል ሥር ነው፣ በዝቶ ከተጠጣ ይገድላል አለች።

ያኔ ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። አርጅተው ሥር ተምታቶባቸዋል አሉ። እሳቸው ጌታነህ ደጄን ረግጦ አያውቅም ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ፤ ወገዳ ታሰሩ።

ሰብለ ሳጅኑን ለብቻው ጠርታ፣ ጌታነህን መሪጌታ ሥሩን ሲሰጡት ምን እንዳሉት ብቻ ጠይቅልኝ አለችው።

"ሥሩን ማን ሰጠህ?" አለው ሳጅኑ ጌታነህን፣ ሰብለ ባለችበት።

"መሪጌታ ናቸዋ። ሌላ ማን ይሰጠኛል።"

"ሲሰጡህ ምን አሉህ?"

"እግዜር ይማርልህ፣ በባዶ ሆዷ ትጠጣው አሉኝ። መጠኑንም ጨምሬዋለሁ ብለውኛል።"

"አንተስ?"

"አመስግኜ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።"

"ስመህ፣ አመስግነህ" አለች ሰብለ። "ጨዋ ነህ።"

ሳጅኑ ከመሪጌታ ሥር የወሰዱ ሦስት ሰዎች አስጠራ። ለየብቻ ጠየቃቸው፤ ቃላቸው አንድ ሆነ። መሪጌታ ሥር ሲሰጡ አይናገሩም። የተቀበለም ሰው በሽተኛው እስኪጠጣ ድረስ አፉን አይከፍትም። አንድ ቃል ከወጣ ሥሩ ይጣላል፣ ሌላ ይቆፈራል። ሰብለ ስምንት ወር ያን መንገድ ሰላምታ ሳትመልስ ተመላልሳ ኩራተኛ ተብላለች። አንድ ቀን ሄዶ የማያውቀው ጌታነህ ይህን ከየት ይወቀው።

ሳጅኑ ሰብለንና ጌታነህን ይዞ ወደ እናታቸው እርሻ ወረደ። በድንበሩ ላይ ያለው እንዶድ ሥሩ ተቆፍሯል፤ አፈሩ ገና አልደረቀም።

"ለምን?" አለችው ሰብለ።

ጌታነህ መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተናዘዘ። እናቱ ራሷን በማታውቅበት ጊዜ ቀበሌ ወስዶ፣ ጣቷን ቀለም ነክሮ መሬቷን በስሙ አዙሯል። ረቡዕ ዕለት እናቱ አስታወሰች። የምን ወረቀት ነው ያስፈረምከኝ ብላ ጠየቀችው።

"የገደልሻት አንቺ ነሽ" አላት። "እንደረሳች ብትተያት ዛሬም ትኖር ነበር።"

ሰብለ መለሰችለት።

"ስትረሳ ከኔ በቀር ከማንም እጅ ውሃ አትቀበልም ነበር። አርብ ያንተን የጠጣችው ልጄ ነው ብላ አውቃህ ነው።"

ከዚያ መሪጌታን ልታስፈታ ከሳጅኑ ቀድማ የወገዳን መንገድ ያዘች።