የጀልባዋ ፓስወርድ

«ውረድ! ሁለተኛ ጀልባዬ ላይ እግርህን እንዳላይ!»

እናቷ እንዲህ ስትጮህ ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደተሸከመች ወደቡ ላይ ደርቃ ቀረች። መካኒኩ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ከረጢቱ ውስጥ ወረወረና ልጅቷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት አልፏት ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚያችን ጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር።

«ምን አደረገ?» አለች ልጅቷ።

«ሸጠን! ዓሣ የምናገኝበትን ቦታ ለሌሎቹ አጥማጆች ነግሯቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ቀድመውን መረባቸውን ጥለው ጠበቁን። ከእኔና ከእሱ ሌላ ቦታውን ማን ያውቃል?»

ልጅቷ ወደ ጀልባዋ መሪ ተመለከተች። መሪው ሥር ያለው ትንሽ ሳጥን ያውቃል። ጀልባዋ የሄደችበትን መንገድ፣ የቆመችበትን ቦታ፣ የሞተሩን ሙቀት ሳይቀር እየመዘገበ በኢንተርኔት ይልካል። እናቷ ቤቷ ቁጭ ብላ ጀልባዋን በስልኳ እንድታይ ብላ ሳጥኑን የገጠመችው ራሷ ልጅቷ ነች። ሽቦውን የዘረጋላት ደግሞ ያው ጋሼ የምትለው መካኒክ።

ስልኳን አውጥታ ወደ ሳጥኑ የገቡትን ስልኮች ዝርዝር ከፈተች። የእናቷ ስልክ። የእሷ ስልክ። ከዚያ «የሚጢጢ ስልክ» ይላል፤ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ፣ በየቀኑ።

ሚጢጢ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ሳጥኑ ጉራዋን ስትነዛባት፣ «እስቲ በእኔ ስልክ አሳዪኝ» ብትላት ፓስወርዱን በገዛ እጇ ጻፈችላት።

ደወለችላት። «አንቺ! የጀልባችን ሳጥን ውስጥ ገብተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወንድሜ ነዋ። ከእነዚያ አጥማጆች ጋር ሥራ ጀምሮ፣ አሳዪኝ ብሎ ነዘነዘኝ። ምን ታካብጃለሽ?»

«መካኒኩ ተባረረ እኮ! በአንቺ የተነሳ!»

«በእኔ? ፓስወርዱን የሰጠሽኝ ማን ሆነና ነው? ይልቅ ሳጥኑን ሪሴት አድርጊው፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ማንም አያውቅም። ፋራ አትሁኚ!»

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ሚጢጢ አጠገቧ ብትሆን ፀጉሯን ትነጨው ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ያለችው እውነት መሆኑ ነው። ጀልባዋ ላይ ወጥታ ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። የሪሴት ቁልፉን አንድ ጊዜ ጫን ብታደርገው አለቀ፤ ማንም አይጠይቃትም።

ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ዝርዝሩን ፎቶ አነሳችው፤ የሚጢጢን ስልክ ሰረዘች፤ ፓስወርዱንም ቀየረች።

እናቷ ከኋላ ብቻዋን ከሞተሩ ጋር ትታገላለች።

«እማዬ።»

«አሁን አታናግሪኝ!»

«ጋሼ አልሸጠንም። ፓስወርዱን ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ስልኩን ዘረጋችላት።

እናቷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ፊቷ ሲለዋወጥ ልጅቷ አየች፤ የሚመጣውን ቁጣም አወቀችው። ቦርሳዋን አንስታ ወደ ወደቡ ወረደች።

«የት ልትሄጂ ነው? እያናገርኩሽ አይደል!»

«ጋሼ ቤት። ስመለስ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ።»