የጠዋቷ ሚስኮል

የጂኦግራፊ ፈተና ከተጀመረ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ፌንጣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተቸክላ እስክሪብቶዋን ስታኝክ፣ የክፍሉ በር ሳይንኳኳ ብርግድ አለ።

«ይቅርታ የኔ ጌታ» አለ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ። «ልጄ በሕይወት አለች?»

ፌንጣ ቀና ማለት አላስፈለጋትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ድምፅ የሚጠይቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም ቀና አለች። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ደረቷ ላይ አራት ስፒል ተሰክቷል፤ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ እናቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ ሁለቱ የማይመሳሰሉ ጫማዎቿ አያት።

«እናቴ፣ አርባ ሁለት ልጆች አሉኝ» አላት። «ለጊዜው ሁሉም በሕይወት አሉ። ውጤት ከሰጠኋቸው በኋላ ግን ዋስትና የለኝም።»

ፌንጣ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ፌንጣ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት እግሮቿ ረጃጅም ስለሆኑ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን እነዚያ እግሮች ከዴስኩ እስከ በሩ ያለውን አራት እርምጃ መራመድ አቃታቸው።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ ትከሻዋን፣ ጭንቅላቷን፣ ክንዶቿን ለቀሚስ እንደምትለካ ሰው ዳሰሰቻት።

«ለምን አልደወልሽም?»

«ደውዬ ነበር። ሂሳብ የለሽም አለኝ።»

«ገና በዚህ ሳምንት አይደል እንዴ የሞላሁልሽ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እማዬ? ደወሉ ተደወለ፣ ሮጬ ገባሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌንጣ ትልቁን አስፋልት ተሻግሮ ወዳለው አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ከእናቷ ጋር ውል አላቸው። ጠዋት የግቢው በር ላይ ስትደርስ ትደውላለች፣ አንዴ ይጮኻል፣ ትዘጋዋለች። «ደረስኩ» ማለት ነው። ሚስኮል ደግሞ ገንዘብ አይበላም። ችግሩ፣ እናቷ ስልኩን ከስፌት ማሽኑ አጠገብ አስቀምጣ ድመት አይጥ እንደምትጠብቅ ስለምትጠብቀው፣ ገና ጮኾ ሳይጨርስ ታነሳዋለች። «አታንሺ ተባብለናል እኮ» ስትላት «አውቃለሁ፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ትላለች።

ዛሬ ግን አንዴም አልጮኸም። ሂሳብ የሌለው ስልክ ሚስኮል እንኳ አያደርግም። በእናቷ ሐሳብ ውስጥ ፌንጣን ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ገጫት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሆስፒታል ገባች፣ ሁለት ተኩል ላይ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ እናቷ አልጠበቀችም። የሰው ቀሚስ በግማሽ እጅጌ ማሽኑ ላይ ትታ እየሮጠች መጣች።

«የዚያ ሰውዬ ካርድ ነው» አለች አሁን፣ ቀለል ሲላት። «በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ይሞላል፣ ሳምንት ሳይሞላው ባዶ። የተበላሸ ካርድ ነው የሚሸጥልኝ። ቆይ፣ አገኘዋለሁ።»

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ፌንጣን ከበቧት። እንደፈራችው በእናቷ ሊስቁ አልነበረም፤ እሱ ክፍል ውስጥ አልቆላቸዋል።

«እሺ፣ የዛሬውስ?» አለች ማይክ። ማይክ የቅርብ ጓደኛዋ ናት፤ በሹክሹክታ የምትናገረው ነገር ሜዳው ማዶ ስለሚሰማ ነው ማይክ የተባለችው።

የዛሬው ማለት የዛሬው ቀልድ ማለት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ፌንጣ ስልክ ላይ አንድ መልእክት መጣ፤ «በየቀኑ አንድ ቀልድ በነፃ! ለመጀመር 1 ብለው ይላኩ» የሚል። ላከች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልዱ በየጠዋቱ ይመጣል፣ እሷ ታነባለች፣ ክፍሉ ይስቃል። በፊት በረጅም እግር ብቻ የምትታወቅ ልጅ፣ አሁን የበላይ ክፍል ተማሪዎች ሳይቀሩ «አንቺ የቀልዷ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። ቀልዱ የሚመጣበትን ቁጥር ለጠየቃት ሁሉ ሰጥታለች።

ስልኳን ከፈተች። ቀልድ የለም። በምትኩ፣

«ውድ ደንበኛችን፣ ቀሪ ሂሳብዎ በቂ ስላልሆነ የዛሬው ቀልድ አልተላከልዎትም። ካርድ ሲሞሉ አገልግሎቱ ይቀጥላል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጣቷን ወደ ላይ እየሳበች የመጀመሪያውን መልእክት ፈለገች። «በነፃ» ከሚለው ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ማንም የማያነበው ቦታ ላይ፣ «ከሦስት ቀን በኋላ በየቀኑ ከሂሳብዎ ይቆረጣል» ይላል።

«ማይክ፣ ቀልዱ ነው ካርዱን የሚበላው።»

«ሼም ነው» አለች ማይክ፤ እንደ ልማዷ ግማሽ ግቢው ሰማ። «ለእናትሽ ነገርሻት?»

«እማዬ የካርድ ሻጩ ጥፋት ነው ብላለች።»

«በቃ፣ አታካብጂ። ዝም በይ። ሰውዬው እንደሆነ ሁሌም የተኮሳተረ ነው፣ ትንሽ ቢቆጡት ምን ይጎድልበታል?»

እናቷ ስልኩን የሰጠቻት ሁለት ወር ሙሉ ስትለማመጣት ከርማ ነው። የሰጠቻት ቀንም «ይሄ ነገር አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብናል» ብላለች። እውነቱን ብትሰማ ስልኩ የእናቷ የክር ሳጥን ውስጥ እንደሚቆለፍ ጥርጥር የለውም። ቀልዱም፣ «አንቺ የቀልዷ» መባሉም አብሮ።

ካርድ ሻጩን ሰፈሩ ጋሽ ፈገግታ ይለዋል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ጥርሱን ያየ ሰው ስለሌለ። የእናቷ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ አሮጌ ጃንጥላ ተክሎ፣ ታጣፊ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ካርድ፣ መርፌና ክብሪት ይሸጣል። ለበረንዳው አይከፍልም። እናቷ ወደ ገበያ ስትሄድ ቤቱን ይጠብቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ውጭ የተሰጣውን ጨርቅ ይሰበስባል። ፌንጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆማ ነበር።

«ሦስት ካርድ፣ ሦስቱም ባዶ። ልጄ መንገድ ላይ ብትቀርስ ኖሮ?»

«እህቴ፣ ካርዱን ፍቃችሁ ስትሞሉት እኔም አብሬ አይቻለሁ። ይሞላል» አለ ጋሽ ፈገግታ በዝግታ። «ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው የማላውቀው።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ይጠፋል።»

ሽማግሌው ወደ ፌንጣ ዞረ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የማታውቂው መልእክት ይገባልሻል? ሎተሪ፣ ዜና፣ የእግር ኳስ ውጤት... ብዙ ሰው በዚህ ተበልቷል።»

እናቷ አየቻት። ፌንጣ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች።

«ኧረ ምንም አይገባም» አለች።

ሰውዬው ግን አልተከራከረም። ከካርዶቹ መሐል አንዱን መዘዘና ሰጣት።

«ይሄ የኔ ነው፣ አትክፈሉኝ። እዚሁ ፊታችን ሙዪው።»

ፌንጣ በጥፍሯ ፋቀች፣ ቁጥሩን አስገባች፣ ሞላ። እናቷ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። «ይኸው» አለ ሽማግሌው።

«ገባኝ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ግን አልለዘበም። «ይሄኛው ደህና ነው፤ ሰው እያየ ስለሆነ። እነዚያ ሦስቱ ግን? በስድስት ዓመት አንድ ቀን አልተጠራጠርኩዎትም ነበር። ከእንግዲህ ግን በእምነት መቀመጥ አንችልም። ለነገ ሌላ በረንዳ ቢፈልጉ ይሻላል።»

ስልኩ በፌንጣ መዳፍ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የጠዋቱ ቀልድ አሁን ደረሰ።

ማንም አላየም። ነገሩ ቀላል ነው፤ መልእክቱ ግርጌ ላይ «ለማቋረጥ፣ አቁም ብለው ይላኩ» ይላል። አሁኑኑ ብትልክ ከነገ ጀምሮ ምንም አይቆረጥም፣ ስልኩም አይወሰድባትም፣ እማዬም ምንም ሳታውቅ ትረሳዋለች። ማይክ ብትሆን እንዲህ ታደርግ ነበር። ፌንጣም አውራ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች።

ጋሽ ፈገግታ ክብሪቶቹን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ደረደረ። በርጩማውን አጠፈ። ከዚያ የጃንጥላውን እግር ከድንጋዮቹ መሐል ሊነቅል ጎንበስ አለ፤ አልነቀል ብሎት እንደገና ታገለው። ስድስት ዓመት ተተክሎ ለመነቀል የተዘጋጀ ጃንጥላ አይመስልም ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለች ፌንጣ።

ሁለቱም ዞሩ። ማስረዳት ሲያቅታት ስልኩን ከፍ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነበው ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹የዓይን ሐኪሙ አዲሱን መነጽር አደረገለትና፣ አሁንስ ጥርት ብሎ ይታይሃል? አለው። ሰውየውም፣ አዎ ዶክተር፣ በተለይ ዋጋው አለ።›» ከሥሩ ያለውንም ቀጠለች፤ «‹የዛሬው የአገልግሎት ክፍያ ከሂሳብዎ ተቀንሷል።›»

ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«በየቀኑ ይመጣል» አለች። «ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት። ካርዱን እሱ ነው የበላው። ገንዘብ እንደሚቆርጥ ዛሬ ነው ያወቅኩት፤ ግን ጋሼ ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ዋሸሁ።»

እናቷ በርጩማ ፈልጋ አጣች፤ ስለታጠፈ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፌንጣ ቁጣውን ጠበቀች። እናቷ ግን እንደተለመደው ከቁጣው በፊት ፍርሃቱ ቀደማት።

«እነዚህ ሰዎች ቤታችንን ያውቁታል?»

«ኧረ አያውቁትም፣ እማዬ።»

«ስሜንስ?»

«‹ውድ ደንበኛችን› ነው የሚሉት።»

ከጃንጥላው በኩል አንድ እንግዳ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ሳልም፣ እንደ ማስነጠስም ያለ። እናቷ ቀና አለች።

«የሳቁ መሰለኝ።»

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አለ ጋሽ ፈገግታ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ። «‹በተለይ ዋጋው› አለ?»

እናቷ ተነሥታ፣ ከድንጋዮቹ መሐል ግማሽ የተነቀለውን የጃንጥላ እግር በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ተጫነችው።

«እኔ ክፉ ክፉውን ማሰብ ሥራዬ ነው» አለች ሽማግሌውን ሳታየው። «በእርስዎ ላይ ማሰብ ግን አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ። የዛሬውንም ካርድ እከፍላለሁ።»

«እሱንስ ተይው። የቀልዱ ዋጋ ይሁን» አለና በርጩማውን ዘረጋ።

ፌንጣ «አቁም» ብላ ላከች። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል መልስ መጣ። እናቷ በትከሻዋ ላይ እያየች «ጠያቂው ደግሞ!» አለች። ፌንጣ እንደገና ላከችና ስልኩን ለእናቷ ዘረጋች። በሩ አጠገብ ያለው የክር ሳጥን ክፍት ነበር።

እናቷ ተቀበለቻት፣ ወደ ሳጥኑ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች።

«ልወስድብሽ ነበር» አለች። «ግን ነገ ጠዋት ማን ይደውልልኛል?» መልሳ ሰጠቻት። «ይልቅ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክያለሽ። የዛሬው ቀሚስ አሥራ አራት ቁልፍ አለው።»

በማግስቱ ጠዋት ፌንጣ የግቢው በር ላይ ደርሳ ደወለች። አንዴ ጮኸ። አልተነሣም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስኮሏ ሚስኮል ሆነ። ገርሟት ስልኩን እያየች ሳለች፣ ጮኸ።

«ሚስኮልሽ ደርሶኛል» አለች እናቷ። «እንዳትሰጊ ብዬ ነው።»

በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ማይክና ሌሎቹ ልጆች ተሰብስበው ነበር። ሰባቱ ፌንጣ የቀልዱን ቁጥር የሰጠቻቸው ናቸው።

«የቀልዷ መጣች» አለ አንዱ። «እሺ፣ የዛሬው ምንድን ነው?»

ፌንጣ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ደወል እስኪደወል አሥር ደቂቃ አለ፣ ይበቃል።

«የዛሬው ረዘም ይላል» አለች። «መጀመሪያ ግን ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ።»