ሁለት ምት ለሪምሻ

«አራት ነጥብ» አለ ሳውሊዩስ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ እየነከረ። «አራት። እኔ እንኳ የብየዳ ጓንቴን እንዳጠለቅኩ ብገባ ስድስት አላጣም።»

ማንም አልሳቀም። በካውናስ ከተማ ዳር ከተደረደሩት አሮጌ የመኪና ጋራዦች በአንዱ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ በተዘረጋው ረጅም ጨርቅ ዙሪያ ተንበርክከው የነገውን ባነር እየቀቡ ነበር። ትናንት በግማሽ ፍጻሜው ሦስተኛ ጨዋታ የቅርጫት ኳስ ቡድናቸው በገዛ ሜዳው በቪልኒዩስ ከተማ ቡድን ተሸንፏል። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ ቪልኒዩሶች ሁለት አላቸው። ነገ ከተሸነፉ ዓመቱ አለቀ።

«ሪምሻን ተወው» አሉ አባባ ፖቪላስ። የቡድኑን ባንዲራዎች የሚሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ። «በመጀመሪያው ጨዋታ ሠላሳ አንድ ሲያገባ እኮ ፎቶውን አልጋህ ላይ ልትሰቅል ነበር።»

«ያኔ ያኔ ነው። ሁለቱ ነጻ ውርወራዎችስ? በመጨረሻው ደቂቃ?»

«ያ ረጅሙ ተከላካያቸው አድክሞት ነው። ከሥር ከሥሩ እንደ ጥላ።»

«ነጻ ውርወራ ላይ ተከላካይ የለም፣ አባባ። አንድ ሰው፣ ኳስ፣ ቅርጫት። በቃ።»

«ምናልባት ጉልበቱ ይሆናል» አለ ኖዩስ ከበሩ አጠገብ።

«ኖዩስ፣ አንተ ስለ ጉልበት ከምታወራ ዳቦውን አቀብል» አለው ሳውሊዩስ ዞር ሳይል። ኖዩስ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰውን ጥቁር ዳቦ በሳህን አቀበለና ወደ በሩ ተመለሰ። ከመስከረም ጀምሮ ከእነሱ ጋር ነው፤ እስካሁን ግን ባነር ላይ ፊደል እንዲቀባ ተፈቅዶለት አያውቅም።

ሩስኔ ብሩሿን አቆመች። «ኳሷን አላነጠራትም» አለች።

ሁሉም ቀና አሉ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የደጋፊዎቹን ትልቅ ከበሮ መምታት ከጀመረች ዓመት ሞልቷታል። ብዙ ስለማታወራ ስታወራ ያዳምጧታል።

«ሪምሻ ነጻ ውርወራ ሲወረውር ሁልጊዜ ሦስቴ ያነጥራል። ከዚያ አውራ ጣቱን ቁምጣው ላይ ይጠርጋል። ትናንት እንደተቀበላት ወረወራት። እንደ ቸኮለ ሰው።»

«የት ለመድረስ ነው የቸኮለው?» አለ ሳውሊዩስ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ኖዩስ።

ድምፁ ከወትሮው ቀጠነ። «ረቡዕ ማታ አይቼዋለሁ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ማታ። ወንዙ አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ሲነሳ ወንበሩን ይዞ ነው የቆመው።»

ሩስኔ ኖዩስን አየችው፤ እሱ አላያትም። ረቡዕ ማታ ኖዩስ የነበረው እነሱ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለሒሳብ ፈተና አብረው ሲያጠኑ አምሽተው እናቷ ከፈረቃዋ ልትመለስ ስትል ነው የወጣው። የድንች ቂጣውን የመጨረሻ ቁራሽ እሱ ነበር የበላው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ሳውሊዩስ።

«በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ሳውሊዩስ ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ። «ና፣ እዚህ ቁጭ በል» አለ። ኖዩስ ተቀመጠ። ሳውሊዩስ ብሩሽ ሰጠው።

ሩስኔ መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏን ከፈተች። ኖዩስ ምላሱን በጥርሱ ይዞ የመጀመሪያ ፊደሉን በጥንቃቄ ሲቀባ አየችና መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲህ ነገ ዝም ነው» አለ ሳውሊዩስ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ገባው። ከጨዋታ በፊት ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲጠሩ ስም ጠሪው የሚጠራው የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ነው። ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ የአባት ስሙን ይጮኻል። ከበሮው እስኪያበቃ ድረስ ስም ጠሪው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ባለፈው ዓመት ሩስኔ በደስታ ምቱን ስታበዛው ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ጠብቋት፣ አዳራሹ ሁሉ ስቆ ነበር።

ለአንድ ተጫዋች ከበሮው ዝም ካለ ግን የዚያ ሰው ነገር አበቃ ማለት ነው። አባባ ፖቪላስ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ አይተዋል። ተጫዋቹ በሳምንቱ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ወጣ።

«ከባድ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሪምሻ የሰፈራችን ልጅ ነው።»

«ለዛ ነው እኮ። የውጭ ሰው ቢሆን ምን ገዶኝ። ለሁሉም የአዳራሹ ክንፍ መልእክት እልካለሁ። ሩስኔ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

---

ሩስኔና ኖዩስ ወደ ኤሌክትሪክ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሲሄዱ ገና ብርሃን ነበር። በአጥሮቹ ላይ ሐምራዊው የሊላክ አበባ ፈክቷል። ኖዩስ ፈጠን ፈጠን እያለ ከፊቷ ይራመዳል።

«ለምን ቀደድክ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ኖዩስ፣ አትሸውደኝ። ቂጣዬን ስትበላ ነበር።»

ቆመ። ጣቶቹ ላይ ቀለም ነበር፤ እያየው አልጠረገውም። «እሺ፣ ቀደድኩ። ሁሉም ምክንያት ሲፈልግ ነበር፣ ሰጠኋቸው። ነገ ይረሱታል።»

ሩስኔ ስልኳን አሳየችው። የደጋፊዎቹ ገጽ ላይ ወሬው ገብቷል። ከሥሩ አንዱ ሪምሻን ሁለት ሴቶች ደግፈውት ሲሄድ እንዳየ ጽፏል። ሌላው መኪናውን አጥር ላይ እንዳላተመ ጽፏል። አንዱ ደግሞ የመጠጡን ዓይነት ሳይቀር ያውቃል።

«እነዚህን እኔ አላልኩም» አለ ኖዩስ።

«ሳውሊዩስን ደውለህ ንገረው።»

«ከዚያስ? በእርግጫ ነው የሚያባርረኝ። አባቴ ኖርዌይ ከሄደ ወዲህ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያናግረኝ የለም፤ ታውቂያለሽ። አንቺ ከበሮ አለሽ። እኔ ዛሬ ነው ገና ፊደል የቀባሁት።» አውቶቡሱ መጣ። «ሪምሻ ሀብታም ነው። ነገ ሠላሳ ካገባ ሁሉም ይስመዋል። ሙድ አታበላሺ፣ በናትሽ።»

በሩ ተዘጋ። ሩስኔ አልተሳፈረችም።

---

ቤት ስትደርስ እናቷ ላይማ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቀዝቃዛውን የቀይ ሥር ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን እየቀዳች ነበር። በከተማው ሆስፒታል የሕፃናት ደም ካንሰር ክፍል ነርስ ናት። ስለ ሥራዋ ቤት ውስጥ አይወራም፤ ይህን ሩስኔ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ትንሹ ቴሌቪዥን ስለ ጨዋታው ያወራል። አቅራቢው ሳቅ እያለ፣ የከተማው ኮከብ ተጫዋች በጨዋታው ዋዜማ መጠጥ ቤት ታይቷል የሚል ወሬ መኖሩን ተናገረ። ላይማ ጭልፋውን አስቀመጠች፤ ተነሥታም የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። ማጥፊያውን አልነካችም፤ ገመዱን ነው የነቀለችው።

«ማን ነው ይህን ያወራው?»

«ደጋፊዎች ናቸው።»

«አንቺም ደጋፊ ነሽ።»

ሩስኔ ማንኪያ አነሣች። ሾርባውን አማሰለች። ከዚያ ከከበሮዋ ጀርባ ሆና ዓመቱን ሙሉ ያየችው ነገር ትዝ አላት። ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ ትቀመጣለች፤ ጩኸቱ እንዳይጎዳት ትልቅ ቢጫ የጆሮ መከላከያ ታደርጋለች። የሪምሻ ልጅ ናት። ከመጋቢት ወዲህ ያ ሁሉ ሰው በሙቀት ሲቃጠል እሷ የሱፍ ኮፍያ አድርጋ ነበር የምትመጣው። ትናንት ወንበሩ ባዶ ነበር። ሩስኔ አይታው ነበር፤ አይታ ግን አላሰበችበትም።

«እማ» አለች፣ «እናንተ ክፍል ያለችው ትንሿ ልጅ ናት?»

ላይማ ንጹሑን ሳህን አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

«እኔ ምንም አላልኩሽም» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ከዚህ ቤት አንዲት ቃል ብትወጣ፣ የእኔ ሥራ ይቅርና፣ ነገ ጠዋት የዚያ ክፍል በር ላይ ካሜራ ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። እዚያ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ያላቸው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ሩስኔዬ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

በዚያ ሌሊት ለኖዩስ ጻፈችለት። «ነገ ስም መጠራት ሳይጀመር ራስህ ንገራቸው። አለበለዚያ እኔ እናገራለሁ።» መልእክቱን እንዳነበበው ስልኳ አሳያት። መልስ አልመጣም።

---

አዳራሹ ገና ሳይሞላ ይጮኻል። ሳውሊዩስ ከታች ወደ ላይ እየዞረ ለእያንዳንዱ ክንፍ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያሳያል። ኖዩስ ከሳውሊዩስ በስተቀኝ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የሳውሊዩስ የራሱ ሻርፕ አለ። ሩስኔ አየችው። እሱ ጫማውን አየ። ጠበቀችው፤ ከበሮውን እስክታስር፣ መምቻዎቹን እስክታወጣ ጠበቀችው።

ከዚያ ሳውሊዩስን ክንዱን ያዘችው።

«ኖዩስ ረቡዕ ማታ እኛ ቤት ነበር። ሒሳብ ስናጠና ነው ያመሸነው። ሪምሻን የትም አላየውም።»

ሳውሊዩስ ወደ ኖዩስ ዞረ። ኖዩስ ቀላ፤ ቀጥሎም ነጣ። «ውሸቷን ነው» አለ። «ሪምሻን ስለምትወደው ነው። ያነጥራል አያነጥርም ስትል አልሰማሃትም?»

ሩስኔ እንደዚህ ይላል ብላ አልጠበቀችም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«እሺ» አለ ሳውሊዩስ ቀስ ብሎ፣ «መጠጥ ቤት ካልነበረ፣ የት ነበር ያመሸው?»

ፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለው ወንበር ዛሬም ባዶ ነው። ከቆመችበት ይታያል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር በቂ ነበር። ሳውሊዩስ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ቢሰማ እዚያው ያለቅስ ነበር። ከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ይነግራል፤ ያ ሰውም ለሌላ።

«አላውቅም» አለች።

«አየሽ።» ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ደግሞ እውነት ከሆነ፣ ትናንት ጋራዥ ውስጥ ስንወስን አፍሽን ማን ያዘው?»

ይህን ደግሞ እውነቱን ነው።

«አሁን አይመለስም» አለ ሳውሊዩስ። «ለሁሉም ተነግሯል። አንቺ ለአንድ ስም ብቻ እጅሽን ሰብስቢ። ዝም ማለት መቼም አይከብድሽም።»

መብራቱ ጠፋ። የብርሃን ክብ ወለሉ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ተጫዋች ተጠራ፤ ሁለት ምት፣ ከዚያ የአዳራሹ ጩኸት። ሁለተኛው። ሦስተኛው። መምቻዎቹ እጇ ላይ በላብ ይንሸራተታሉ። አባባ ፖቪላስ ባንዲራቸውን ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ወለሉ አይመለከቱም።

«ዮኩባስ» አለ ስም ጠሪው።

ሪምሻ ወደ ብርሃኑ ገባ። እጁን እንደ ወትሮው አነሣ።

ጸጥ አለ። ሩስኔ አዳራሹን እንዲህ ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። የሪምሻ እጅ እንደተነሣ ቆየ፤ ቀስ በቀስም ወረደ። ወደ ደጋፊዎቹ አላየም። ያየው ወደ ባዶው ወንበር ነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ሲጀመር እንደሚያደርገው ሁሉ፣ አጭር እይታ፣ ከዚያ ወደ ጫማው።

ሩስኔ ሁለት ጊዜ መታች።

ድምፁ ብቻውን ሄዶ ከጣራው ተመለሰ። መልስ የሰጠ ሰው የለም። ሳውሊዩስ «ሩስኔ» አላት በዝግታ፤ ሰዎች ወንበራቸው ላይ ዞሩ፤ ከላይኛው ክንፍ ፉጨት ተሰማ። ኖዩስ ሻርፑን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

እንደገና ሁለት ጊዜ መታች። «ሪምሻ» ብላ ጮኸች። ድምፏ ተሰነጠቀ፤ የደረሰውም ሁለት ረድፍ ያህል ብቻ ነው።

የሳውሊዩስ እጅ ወደ ከበሮው ቆዳ መጣና ሳይነካው ቆመ። ከታች ስም ጠሪው ወረቀቱን እንደያዘ ወደ እሷ ቀና ብሎ አየ። የሚቀጥለውን ስም አልጠራም። ጠበቃት።

ሩስኔ መዳፎቿን አንድ በአንድ ሱሪዋ ላይ ጠረገችና መምቻዎቹን መልሳ አነሣች።